«እሰማለሁ» ይላላል ወይስ ይጠብቃል?

ከማሌ፣ አሰላሙ ዓለይከ።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ ጨርሻለሁ፣ የዓመት ሰደቃህንም አውጥቻለሁ፣ እስከ ዛሬ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። ወሬ አጥታ ነው እንዳትል፤ እኔ ወሬ አጥቼ እንደማላውቅ ካንተ በላይ ምስክር የለም። አፍሬህ ነው። ያሳፈረኝን እደርስበታለሁ። አሁን ግን ትናንት ያየሁትን ካልነገርኩህ ሆዴ ይፈነዳል። ምንጭ ባንድ ኦስሎ መጣ! ወላሂ፣ ያንተው ምንጭ ባንድ! ቁጭ በልና ስማኝ እንዳልልህ ተኝተሃል፤ እንደተኛህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፣ አለዚያ ሐሳብህ አያርፍም። ሰፈራችን ግሮሩድ እንዳለ ነው፣ ጫካውም እንዳለ ነው። ሕንፃችንን የሚያስተዳድረው ቡሬትስላግ፣ አንተ ስንት ደብዳቤ የጻፍክበትን መታጠቢያ ቤት በሄድክ በአምስተኛው ወር አደሰልን። ወለሉ አሁን ከስር ይሞቃል። የመጀመሪያ ቀን በባዶ እግሬ ስቆምበት፣ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ቅዝቃዜው ሲነካህ የምትዘላት ዝላይ ትዝ አለችኝና እዚያው ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ምናለ ትንሽ ቢፈጥኑ ኖሮ።

ልጅህ ሂክማ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በሁለተኛው ሙከራ ነው፣ ለሰው ግን በመጀመሪያው ነው የምንለው። መኪናህን እሷ ትነዳዋለች። ላንተ እግር ተስተካክሎ የነበረውን ወንበር ወደፊት ስትስበው ፊቴን አዞርኩ። አውቶቡስህን ደግሞ አሁን አንዲት የፖላንድ ሴት ናት የምትነዳው። እንዳትቀየመኝ እንጂ ፍሬን አያያዟ ካንተ ይለሰልሳል። እኔ ያው ሲክየም፣ መጦሪያው ውስጥ፣ አረጋውያኑን እያጠብኩ፣ እያበላሁ አለሁ። ካሴትህ መሳቢያው ውስጥ ከመቁጠሪያህ አጠገብ ተቀምጧል። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ቢሆንም ያን ካሴት ማን ይጥለዋል።

ያገናኘን እሱ አይደል እንዴ። ምንጭ ባንድ ደሴ ሊጫወት መጥቶ፣ አንተ ጎረምሳው መግቢያ አጥተህ፣ ከአዳራሹ ግድግዳ ውጭ ቆመህ እስከ መጨረሻው እንዳዳመጥካቸው ስንቴ ነግረኸኛል። ሰማኋቸው እንጂ አላየኋቸውም ትል ነበር፣ በቁጭት። ከዚያ ባንዱ ተበተነ፣ አንተም በሱዳን በኩል ተሰደድክ፣ አብሮህ የመጣው ካሴቱ ብቻ ነው። ሰሜን ባለው የስደተኞች መቀበያ፣ በዚያ ብርዳም ሞታክ፣ የጋራው ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍክ ስትዘፍን ደረስኩብህ። «ማዶ ሆኜ እሰማለሁ» ትላለህ፣ «ሰ»ንም «ማ»ንም አላልተህ። እኔ ጉደኛዋ፣ ስምህን እንኳ ሳላውቅ፣ ይጠብቃል ብዬ አረምኩህ። ቢላዋህን እንደያዝክ ዞር አልክና፣ እንባህ በሽንኩርቱ እየወረደ፣ የለም ይላላል አልከኝ። በዚያው ገባንበት። ሃያ ስድስት ዓመት።

ነገሩ ለሌላ ሰው ሲያወሩት ያስቃል። ቃሉ ከላላ ዘፋኙ ጆሮ አለኝ ማለቱ ነው፤ ማዶ ብሆንም የምትይኝ ሁሉ ይገባኛል፣ አዳምጥሻለሁ። ከጠበቀ ደግሞ ድምፅ አለኝ ማለቱ ነው፤ ማዶ ብሆንም ድምፄ እዚያ ይደርሳል፣ ያዳምጡኛል። በፊደል ሲጻፍ ሁለቱም ያው «እሰማለሁ» ነው። ካሴቱ ሽፋን ላይ የታተመውን ግጥም ስንት ጊዜ አፍጥጠን አየነው፣ ምን ዋጋ አለው። ዘፈኑን ደጋግመን ብናጫውተውም ልክ እዚያች ቃል ላይ ሁለቱ ትራምፔቶች ቧ ብለው ይገቡና ይውጧታል። ኢንተርኔት ላይ ያወጡትም ከዚያው ከተነካካው ካሴት የተቀዳ ነው። ሰርጋችን ላይ እንግዳውን ለሁለት ከፈልነው። ላምበርትሴተር ድረስ ሄደን እኚያን የድሮ የአማርኛ አስተማሪ የጠየቅናቸው ቀን ትዝ ይልሃል? ሻይ አጠጥተውን፣ ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል ብለው ሸኙን። እስከ ቤት ድረስ መኪና ውስጥ ተኮራርፈን መጣን።

አንተ ሁልጊዜ፣ የወደደ ሰው ያዳምጣል እንጂ አይለፈልፍም ትለኝ ነበር። ነገሩ ለእኔ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም እመልስልህ ነበር፤ ማዶ ሆኖ ዝም ብሎ መስማት ምን ይፈይዳል፣ ድምፁን ካላሰማ መኖሩን ማን ያውቅለታል እያልኩ። ስቄ ነበር የምለው። ቃሌ ቆይቶ እኔኑ እንደሚይዘኝ መች አወቅሁ።

ከማሌ፣ ወደ አፈርኩበት ነገር መጣሁ። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈሶ የወደቅህ ጊዜ ሆስፒታል አስራ አንድ ቀን ተኛህ። ዓይንህ ተከድኗል፣ አፍህ ዝም ብሏል። ነርሷ በገባች በወጣች ቁጥር፣ አናግሪው፣ ጆሮው ይሰራል ትለኛለች። ይህን እኔ አጥቼው ነው? ሲክየም ውስጥ ሰው ሊሞት ሲል ለቤተሰቡ የምናገረው እኔ ነኝ። አናግሩት፣ መጨረሻ የሚሄደው ጆሮ ነው እላቸዋለሁ። ለሰው ስሰጠው የኖርኩትን ምክር ለራሴ ሲሆን አጣሁት። ሂክማ እጅህን ይዛ ስለ ትምህርቷ ታወራልህ ነበር፣ ከቁርኣንም ያሲንን ትቀራልህ ነበር። እኔ ትራስህን አስተካክላለሁ፣ ከንፈርህን አረጥባለሁ፣ ጥፍርህን እቆርጣለሁ፣ ትንፍሽ ግን አልልም። ፈርቼ ነው። አንድ ቃል ስወረውር ሁለት ሲመለስልኝ ነው የኖርኩት። ተናግሬ መልስ ካጣሁ አለቀለት ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። ድምፁ የጠፋ ሰው ጆሮውም አብሮ ጠፍቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አውፍ እንኳ ሳልልህ ቀረሁ። ባልና ሚስት ሳይለያዩ አውፍ ይባባላሉ፤ የበደልኩህን ተውልኝ፣ የበደልከኝን ትቼልሃለሁ ይባባላሉ። እናቴ ለአባቴ ብላዋለች፣ እናትህም ለአባትህ ብላዋለች። እኔ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ተሰጥቶኝ ያቺን አንዲት ቃል አላወጣኋትም። አስራ ሁለተኛው ቀን ሲነጋ ሄድክ። ከዚያ በኋላ በየጁምዓው መቃብርህ ጋ እመጣለሁ፣ ቅጠሉን እለቅማለሁ፣ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ላንተ ግን አንድም ቃል ሳልተነፍስ እመለሳለሁ። አሁን ምን ብዬ ልጀምረው?

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ሂክማ ስልኳ ላይ የደረሳትን ማስታወቂያ ያሳየችኝ። ምንጭ ባንድ፣ ከተበተነ ከሰላሳ ምናምን ዓመት በኋላ እንደገና ተሰባስቦ፣ ኦስሎ። ድምፃዊው ዘውገም አብሮ አለ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዘውገን በሕይወቱ፣ ፊት ለፊት፣ ያቺን ቃል ሲላት እሰማዋለሁ የሚል ነው። ይጠብቃል እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት የተከራከርኩት እኔ፣ ያ ረቢ አላልተህ አሰማኝ እያልኩ ሄድኩ። ላልቶ ከሆነ ማዶ ያለ ሰው ጆሮ አለው፣ አንተም እዚያ አልጋ ላይ ሆነህ እዚያ መሆኔን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዘፈን ምን ማስረጃ ይሆናል ትለኝ ይሆናል። ልቤ ግን እዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለመረታት ነው የሄድኩት። ባሏ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው ዘፈን ቤት የምትሄደው የሚሉም አልጠፉም። ይበሉ።

አሁን መንገላታታችንን ስማ። ማስታወቂያው እሁድ 10 ሰዓት ይላል። ሂክማ እዚሁ ተወልዳ የምታውቀው የኖርዌይን ሰዓት ነው፤ ማታ አስር ነው ማማ፣ ገና ነው ብላ ሶፋ ላይ ተዘርግታለች። የሀበሻ ማስታወቂያ በሀበሻ ሰዓት እንደሚቆጥር እኔ ትዝ ያለኝ ለቀኑ አስር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጉድ ፈላ! ሻርፔን ጠምጥሜ፣ እሷ ፀጉሯን በግማሽ ተሰርታ፣ ባቡሩ፣ ቴባነው ጋ እየሮጥን ደረስን። ለካ የሷ እኩዮች ሁሉ እንደሷ አስበው ኖሯል፤ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ነው ተሽቀርቅረው የመጡት፣ ምስኪኖች።

ሰልፉን ብታየው። ሰኔ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መንገዱ ሙሉ ሀበሻ ነው። ጥበብ የለበሱ እናቶች፣ ሂጃብ ያደረጉ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ ስብሰባ ላይ ተያይተው ሰላም የማይባባሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ ተደርድረው ያቺኑ ዘፈን ያንጎራጉራሉ። ስሮጥ የመጣሁት ግን በከንቱ ነበር። አዳራሽ ገብተን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት፣ እንደገና ሄሎ። መድረክ መሪው ያላመሰገነው ሰው የለም፣ ድምፅ ማጉያው በየመሃሉ እየጮኸ ጆሯችንን ይሰነጥቀዋል። ከፊቴ ደግሞ አንድ ረጅም ሰውዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ መድረኩን ከማየው ይልቅ በስልኩ ውስጥ ያየሁት ይበልጣል። አንተ ብትኖር ትከሻውን መታ መታ አድርገህ ታስቀምጠው ነበር።

በመጨረሻ ወጡ። ሰባት የነበሩት አምስት ሆነዋል። ሁለቱ ትራምፔት ነፊዎች ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ዘውገ የመጣው ባለ ቤዝ ጊታሩ ክንዱን ይዞት ነው። ያ ካሴቱ ሽፋን ላይ አፍሮውን አጎፍሮ የቆመው ሸበላ፣ አሁን ሱሪው ሰፍቶት፣ ጎብጦ። መሃል መድረክ ሲደርስ ግራ እጁን ባለ ቤዙ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና ቆመ። ሰው አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ስሙን ጠራ፤ እሱ ወደ ሕዝቡ እንኳ አላየም፣ ባለ ቤዙን ነው የሚያየው። አጠገቤ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ጠጥቶ ነው አሉ፣ አርጅቷል ምን አመጣው አሉ። እኔም አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለዚህ ነው የሮጥኩት ብዬ ተናደድኩ።

ሙዚቃው ጀመረ። ባለ ቤዙ ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ አደረገ። ዘውገ አፉን ከፈተ።

ምን ብዬ ልንገርህ ከማሌ። ድምፁ አላረጀም ብል እዋሻለሁ፤ አርጅቷል፣ ዳር ዳሩ ተልጧል። ግን ያው ድምፅ ነው። ሞታክ ኩሽና ውስጥ በዚያች በቀጨጨች ማጫወቻ የሰማነው፣ ቫይትቬት የመጀመሪያ ቤታችን ውስጥ ሂክማን ያስተኛንበት፣ ያው ድምፅ በሰው ልክ ቆሞ ከፊቴ ይወጣል።  ሱብሃነላህ አልኩ። ማጉረምረሙ እልም አለ። ያ ረጅሙ ሰውዬ ስልኩን አውርዶ ኪሱ ከተተው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ እያለቀሰ ነው። ሂክማን ዞሬ ሳያት አፏን ከፍታ ቀርታለች። ካሴት ላይ የማውቀው ሰው እውነት ነበር እንዴ አለችኝ በጆሮዬ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ አንተ ከግድግዳ ውጭ ቆመህ የሰማኸውን እኔ ከግድግዳው ውስጥ ሆኜ አየሁልህ።

ከዚያ ያቺ ዘፈን መጣች። መግቢያዋን ገና ሲጀምሯት አዳራሹ ተናወጠ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጆሮዬን አቀናሁ። ይላት ይላትና «ማዶ ሆኜ...» አለ። ትራምፔቶቹ ተነሱ። ዘውገ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማይኩን ከአፉ አንስቶ ወደ እኛ ዘረጋው! ያቺኑ ቃል፣ ያቺኑ አንዷን ቃል ለሕዝብ ተዋት! ሕዝቡም እንደ ሰርጋችን እንግዳ ግማሹ አጥብቆ ግማሹ አላልቶ ተንጫጫ። ልቤ ቅጥል አለ። ሁለተኛው አዝማች ላይ እንደዚያው አደረገ፣ ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። ሂክማ አጠገቤ ሆና እንዳንተ አላልታ ትጮሃለች፤ መኪና ውስጥ ያስለመድካት ነው። እኔ የትኛውን ልበል? የትኛውም አልወጣልኝ አለ። ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን እኔ ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። እንደ ሆስፒታሉ።

ሲያልቅ ሂክማ እንሂድ አለችኝ፣ አይሆንም አልኳት። መድረኩ ጎን ሰው ፎቶ ሊነሳ ተሰልፏል፣ ተሰለፍኩ። እኔ እንደሆንኩ አንዴ ከያዝኩ ታውቀኛለህ። ተራዬ ሲደርስ ጋሼ ዘውገ፣ ስለ ማዶ ሆኜ አንድ ጥያቄ አለችኝ ብዬ ጀመርኩ። ፈገግ ብሎ አየኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ፈገግ። ባለ ቤዙ ነው ጣልቃ የገባው። አትድከሚ እህቴ፣ ጆሮው ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ምንም ነገር አይገባለትም አለኝ። ምቱን የሚይዘው ከእኔ ትከሻ ነው፣ ዜማውን ከሆዱ። ያቺን ቃል ለሕዝቡ የሚሰጠው አፋችሁን ለማየት ነው፤ ስትዘፍኑ የሚያውቀው በዓይኑ ነው አለኝ።

ከማሌ፣ አስበው እስቲ። ያ ሁሉ ሰው የተንቀጠቀጠበትን ድምፅ እሱ ራሱ አልሰማውም! አንዲት ኖታ ሳይስት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በጸጥታ ውስጥ ቆሞ ዘፈነልን። ጠጥቷል ብዬ የታዘብኩትን ሰው እግሩን ብስመው አይበቃኝም ነበር።

ባለ ቤዙ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝና ጻፊለት አለኝ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል። ጫር ጫር አድርጌ ሰጠሁት። ዘውገ አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ አነበበው፣ ከዚያ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ከስሩ አንድ ቃል ጻፈ፣ ፈረመበት፣ እጄን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የተጣላንበትን ነገር መልሱን በገዛ እጁ ጽፎ ሰጠኝ! ሂክማን፣ አገኘሁት አገኘሁት እያልኩ አስደነበርኳት።

ቴባነው ውስጥ ተቀምጠን ከፈትኩት። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «እሰማለሁ ነው ወይስ እሰማለሁ?» እሱ ከስሩ የመለሰው እንዲህ ይላል፦ «እሰማለሁ።»

ሳቅ! ሳቅ! ሂክማ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለች። ማማ፣ ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ ብለሽ አትጽፊም ነበር፣ ጤነኛ ነሽ ትለኛለች። ኖርዌጂያኑ ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ስስቅ ስስቅ አለቀስኩ። አንተ ብታየው ኖሮ ዕድሜ ልክህን ነበር የምታላግጥብኝ። ደግሞ ካንተ ጋ ስከራከር የኖርኩት ሴት፣ ፊደል ማላላትና ማጥበቅ እንደማያሳይ እያወቅሁ!

ወረቀቱን ይዤ ግሮሩድ እስክንደርስ አየሁት። ዘውገ አይሰማም፣ ግን ይሰማል። ይህችን መጀመሪያ አላልተህ፣ ቀጥሎ አጥብቀህ አንብባት። ጆሮው ሄዷል፣ ድምፁ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቅሳል። ሁለቱ አብረው የታሰሩ አይደሉም፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ይቀራል። በዓይኔ አየሁት። እንግዲያ አንተስ? አንተ የዚያ ተቃራኒ ልትሆን አትችልም? ድምፅህ ሄዶ ጆሮህ ቀርቶ እንደሆነስ? ድምፁ የጠፋ ሰው ጆሮውም ጠፍቷል ያልኩት እኔ፣ ማን ነገረኝ? ማንም። ፍርሃቴ ነው የነገረኝ። አስራ አንዱን ቀን ትራስህን ሳስተካክል፣ ስተነፍስ፣ ሳነጥስ፣ ጫማዬን አውልቄ ስራመድ፣ ሰዓዳ አጠገቤ አለች እያልክ ታዳምጠኝ ነበር ይሆናል። ምናልባትም፣ ምን ነካት ይህች ሴት፣ ዛሬ ምነው ዝም አለች እያልክ ትገረም ነበር።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ሥራ የለኝም። ሂክማ ትምህርቷ ሄዳለች። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ በረንዳው ላይ ወጥቼ ከላይ እስከ ታች፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሃለሁ። ታች ያለው ሽማግሌ ጎረቤታችን አበባውን እያጠጣ ነው፤ ቀና ብሎ ቢያየኝም ግድ የለኝም። በቀጣዩ ጁምዓም መቃብርህ ጋ ስመጣ እንደ ወትሮው ቅጠል ለቅሜ ብቻ አልመለስም። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ስለ ፖላንዳዊቷ፣ ስለ ሂክማ እጮኛ ነገር (አዎ፣ አለ፣ እሱን እዚያ እነግርሃለሁ) ጉንጬ እስኪደክም አወራልሃለሁ። ሳወራልህ ነው የምኖረው፤ ዝም ካልኩ ያን ጊዜ ነው የረሳሁህ፣ ዝም ደግሞ አልልም።

አሁን ግን ከሁሉ በፊት መጀመር የነበረብኝን ልጀምር። ከማሌ፣ አውፍ በለኝ። ስለ ዝምታዬ አውፍ በለኝ፣ ስለ ቁጣዬም፣ በነገር ስለ ወጋሁህም፣ ስለ ሁሉም። እኔም አውፍ ብዬሃለሁ፣ በደልህ ትንሽ ነበር፣ ፍሬን አያያዝህን ጨምሮ። የዘውገን ወረቀት ካሴትህ ሽፋን ውስጥ፣ ከታተመው ግጥም ጎን አጥፌ ከትቼዋለሁ። ዘፈኗ በመጣች ቁጥር እኔም እንዳንተው ነው የምዘፍናት፤ ሂክማ ምስክሬ ናት፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ሞክሬው ሻዩ ትን አላት።

ላልቶ ነው፣ ከማሌ። ረታኸኝ።

ሚስትህ ሰዓዳ